ጋሼ ያስተካከሉት ማሽን

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ባሏ በሞተ ጊዜ ይህቺን ተረት ያልተረተ ጎረቤት አልነበረም፤ እሷ እንባ ጠብ አላላትምና። ለወጉ ያህል እንኳ መሐረብ ወደ ዓይኗ አላስጠጋችም። ተቀመጪ ሲሏት ተቀመጠች፣ ብዪ ሲሏት በላች፣ ተኚ ሲሏት ተኛች። ይኸው አሥራ አራት ወር ሞላው፤ ዛሬም ያው ናት። አትከፋም፣ አትስቅም። ሰላም ላላት ሰላም ትላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ውስጧ ግን ተከራይ እንደለቀቀው ክፍል ባዶውን ቀርቷል። ጎረቤት መጀመሪያ ጥንካሬ ነው አለ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ክፋት ነው አለ። የሰው ነገር መቼም እንዲህ ነው።

ባሏ በያጅ ነበር። የብረት በርና መስኮት በሚሠራ ወርክሾፕ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የበረንዳ ብረት ሲገጥም ወደቀ። አሠሪው ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከሟቹ ቤት ሙያውን ተምሮ የብቃት ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው ቦታውን አስቀምጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከቤቱ ማን ይምጣ እንግዲህ? አማቷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው፤ ልጇ ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዕጣው ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ ወደቀ።

ጊዜውም ገጠመ። በአቅራቢያቸው ያለው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ትምህርታቸውን ላቋረጡና ችግር ላለባቸው ሰዎች የብየዳ ክፍል ውስጥ አራት ቦታ ከፍቶ ነበር። እሷ ትምህርቷን ያቆመችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ለምዝገባ እጇን ይዘው የወሰዷት አማቷ ናቸው፤ ቅጹን የሞላላት ጸሐፊው ነው፤ የእሷ ድርሻ መፈረም ብቻ ነበር። ምን ልትማር እንደገባች የታወቃት የብየዳ ማስክ ፊቷ ላይ ሲያጠልቁላት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

አራቱ ሰዎች የተመደቡት መጨረሻ ላይ ባለው ረድፍ ነው። የድጋፍ ረድፍ ተባለ። ከእሷ ጋር መኪና በማጠብ የሚተዳደር አንድ ወጣትና ከቦታ ቦታ ሲፈናቀሉ ትምህርታቸው የተቋረጠ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። በዕድሜ ከሁሉም ስለምትበልጥ ክፍሉ በሙሉ እትዬ ይላታል። ፊት ረድፍ ላይ ያሉት አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው የመጡ ጎረምሶች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሲበይድ ስለሚያፏጭ ስሙ ቀርቶ ፉጨት ሆኗል።

አሠልጣኙን ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ ክንዳቸው የብየዳ ፍንጣሪ በጠባሰው ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ቀልድ ያውቃሉ፣ ሆዳቸው ባቄላ ነው። የኋላውን ረድፍ ባዩ ቁጥር አንጀታቸው ይንሰፈሰፋል። ከከሰዓቱ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ማሩልኝ ብለው አለቆቻቸውን የለመኑት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ያለባት አለች፣ የዕለት ሥራ ያለው አለ፣ ፊደል ያቃተው አለ ብለው። ተፈቀደላቸው። ስለዚህ የኋላ ረድፍ ጠዋት ይበይድና እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል። የፊት ረድፍ ደግሞ ከምሳ በኋላ ተመልሶ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያጠናል፦ ይህን ያህል ውፍረት ላለው ላሜራ የትኛው ኤሌክትሮድ (ቀልጦ የሚበይደው ቀጭን ዘንግ)፣ ለዚያ ኤሌክትሮድ ስንት አምፔር።

ታዲያ አምፔሩን ለኋላ ረድፍ ማን ያስተካክል? ጋሼ ናቸዋ! በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። አራቱን ማሽኖች እየዞሩ የከረንት ማዞሪያቸውን ይነካካሉ፤ ማሽኖቹ ያረጁ ስለሆኑ አንዱ ጨመር፣ አንዱ ቀነስ ይፈልጋል፣ እሳቸው ደግሞ ጠባያቸውን እንደ ልጆቻቸው ጠባይ ያውቁታል። ኤሌክትሮዱንም መርጠው እንደ ቁርስ አጠገባቸው ያስቀምጡላቸዋል። «እናንተ እጃችሁን አሠልጥኑ፤ የማሽኑን ነገር ለእኔ ተዉት» ይላሉ። የምዘናውም ቀን ያው ነው። የሚመጡት መዛኞች ሻይ ጠጥተው፣ የተበየደውን አገላብጠው አይተው ይሄዳሉ እንጂ ማሽኑን ማን አስተካከለው ብለው ጠይቀው አያውቁም። ጋሼ በዚህ ተማምነዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼኔ ነው፤ ግን ገና ነው፣ አልደረስንበትም።

ለእሷ ይህ ሁሉ እንዴት እንደተስማማት! ማስኩን ስታጠልቅ ዓለሙ ሁሉ ይጨልምና አንዲት የቀለጠች ነጥብ ብቻ ትቀራለች። ማንም ፊቷን አያይም፣ ማንም አይዞሽ አይላትም። ነጥቧን ተከትላ መሄድ ነው፣ ስትጨርስ ከላይ የጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ መትቶ ማራገፍ ነው፣ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ነው። አንድ ቀን ፍንጣሪ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥላት ኤሌክትሮዱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ የበየደችውን አንስተው ለፊት ረድፍ ጎረምሶች እያዞሩ አሳዩአቸው፤ እጅ ማለት ይህ ነው፣ እናንተ እንደ ዶሮ ትጭራላችሁ አሏቸው። እውነትም እጇ አይንቀጠቀጥም። ምን ያንቀጥቅጠው? የምትፈራው የለ፣ የምትጓጓለት የለ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድም ቀን «ጋሼ፣ ምኑን ነው የሚያዞሩት?» ብላ አልጠየቀችም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ! ፉጨት እንኳ አንድ ጊዜ፣ እትዬ ከሰዓት ለምን አትቀሪም፣ እኔ አስረዳሻለሁ ብሏት ነበር። አይ፣ ይቅርብኝ አለችው። አልከበዳትም፣ አላፈረችም፤ እንዲሁ ምንም አልመሰላትም። ቤቷም ያው ነው። ከልጃቸው ሞት ወዲህ አማቷ ቤቱን ጠቅልለው ይዘውታል፤ «አንቺ ብቻ አርፈሽ ተማሪ፣ የቀረው እኔ ላይ ነው» ይሏታል፤ እሷም እሺ ትላለች። እሺ ማለት አይደክምም።

ምዘናው አርብ ሆነ። ከዚያ በፊት ረቡዕ ዕለት አሠሪው ሰው ላከባት። ትልቅ ሥራ ሰኞ እንደሚጀመር፣ የሥራው ባለቤቶች ወረቀት የሌለው በያጅ እንደማይቀበሉ፣ ቦታውንም ከዚህ በላይ ክፍት አድርጎ ማቆየት እንደማይችል አስረግጦ ነገራት። አርብ ወረቀቷን ይዛ ከመጣች ሰኞ ሥራ ትገባለች። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው ያስገባል። እሺ አለች።

አርብ ጠዋት ጋሼ እንደልማዳቸው ቀድመው መጥተው ማሽኖቹን አስተካክለው ወጡ፤ በምዘና ቀን አሠልጣኝ ከክፍሉ ውስጥ አይገኝም፣ ደንቡ ነው። የመጣችው መዛኝ ሌላ ጊዜ ታይታ የማታውቅ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ሻይ አልጠጣችም። ከፊት ረድፍ ጀምራ እስከ ኋላ ድረስ እየሄደች፣ የእያንዳንዱን ማሽን ማዞሪያ ወደ ዜሮ መለሰችው። አጠገብ አጠገባቸው የተቀመጠውንም ኤሌክትሮድ ሰብስባ ወፍራሙንና ቀጭኑን ቀላቅላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከመረችው።

«ማሽናችሁንም ኤሌክትሮዳችሁንም ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ትጀምራላችሁ» አለች። «ሁለት ሁለት ጥንድ ላሜራ አላችሁ፣ አርባ ደቂቃ ነው። ተበይዶ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው አንዱ ጥንድ ነው።»

ጋሼ በበሩ መስታወት በኩል ይህን አዩ። እሷ ከኋላ ረድፍ ዞር ስትል ፊታቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ አፋቸው ከፈት ብሎ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አሸሹ።

ማዞሪያውን አየችው። አሥራ አንድ ወር አጠገቡ ቆማለች፤ አሁን ነው ገና ያየችው። ቁጥሮቹ ብዙ እጅ ሲነካካቸው ኖሮ ግማሾቹ ጠፍተዋል። የፊት ረድፍ ልጆች ኤሌክትሮድ መርጠው፣ ማሽናቸውን አስተካክለው ጀምረዋል፤ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት ሲጠበስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ከዚያ በኩል ይመጣል። ከኋላ ረድፍ የሚሰማ የለም። መኪና አጣቢው አንድ ዓይነት ኤሌክትሮድ አንስቶ፣ መልሶ፣ ሌላውን አነሳ። ከእህትማማቾቹ አንዷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

ትንሽ አዞረች። ኤሌክትሮዱን ስታስነካው ላሜራው ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ታግላ አላቀቀችው። ደገመች፣ ተለጠፈ። እልህ ይዟት ማዞሪያውን ብዙ አዞረችው፤ አሁን ደግሞ እሳቱ ገና ከመነካቱ ላሜራውን ሰርስሮ አለፈ፣ የጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ በልቶ ወጣ። የመጀመሪያው ጥንድ አበቃለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄዷል።

ያኔ ፈራች። ማስኩን ገልጣ ቆመች። ባሏ ዘጠኝ ዓመት የቆመበት ቦታ ሰኞ የሌላ ሰው ሊሆን ነው፣ እሷ ደግሞ አንዲት ማዞሪያ ስንት ላይ እንደምትሆን አታውቅም። ይህን ቦታ ትፈልገዋለች። መፈለጓን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አታውቀውም ነበር። ፍርሃት ከሰው ቤት የተዋሰችው ነገር ይመስል ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

ምን ይዋጣት? የተበላሸውን ጥንድ ወደ ራሷ ሳበችው። ጠርዙ ላይ ነካ አድርጋ ሰማች፤ ማዞሪያውን ቅንጣት ቀነሰች፤ ደግማ ነካ አድርጋ ሰማች። ወፍራሙን ኤሌክትሮድ መለሰችና ሌላውን አመጣች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ጆሮዋን ፊት ረድፍ ላይ ጥላ፣ የእሷ ድምፅ የእነሱን እስኪመስል ድረስ ማዞሪያውን ስታመጣ ስትመልስ ሌላ ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሲመስል ሁለተኛውን ጥንድ አስቀመጠች። የቀራት ስምንት ደቂቃ ነው፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። በሁለት ክንዷ ጠረጴዛውን ተደግፋ በየደች። የመዶሻዋ የመጨረሻ ምት ሲያርፍና መዛኟ በቃ ስትል እኩል ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ውጤት ተነገረ። የፊት ረድፍ ከሞላ ጎደል አለፈ። የኋላ ረድፍ አራቱም ወደቁ። መዛኟ የእሷን ብረት አንስታ፣ አገላብጣ፣ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ብየዳው ያልፋል አለቻት። ዝግጅቱ ግን በግምት ስለሆነ አያልፍም፤ አውቆ ማሽን ማስተካከል የማይችል በያጅ ብቁ ተብሎ ወረቀት አይሰጠውም። ከሦስት ወር በኋላ ዝግጅቱን ብቻ ደግመሽ ትፈተኛለሽ አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ ወረቀቷን አስፈረመቻትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ጋሼ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ሦስቱ ቀድመው ወጥተው ነግረዋቸዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወለል ወለሉን ያያሉ። አጠገባቸው ቆመች።

«ስንት ላይ ነበር?» አለቻቸው።

«ምኑ?»

«ማዞሪያው። በየጠዋቱ ስንት ላይ ነበር የሚያደርጉልኝ?»

ጋሼ ከወለሉ ቀና አሉ። «ያንቺው ማሽን ትንሽ ሰነፍ ነው» አሉ። «መቶ ሃያ ላይ። ሌላው መቶ አሥር ይበቃዋል።»

«መቶ ሃያ» አለች። ደግማ፣ ለራሷ፣ «መቶ ሃያ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆን ማንም ሰምቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ አሥራ አንድ ወር! ይህቺን አንዲት ቁጥር ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትቸገሪ ብዬ ነው ልጄ። ሐዘን አለብሽ፣ ልጅ አለብሽ … በላይ በላዩ ምን ልጫንብሽ?»

«መቸገር ነበረብኛ!»

ተናደደች። ንዴቱ ደስ አላት ማለት አይቻልም፤ ግን እውነተኛ ንዴት ነበር፣ ትኩስ። ሽማግሌው ዓይናቸው ውሃ ሞላ። እሄዳለሁ አሉ፣ ለመዛኟም ለአለቆቹም ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ፣ አሠሪው ዘንድም ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄ እለምንልሻለሁ አሉ። ለሦስቱ ጓደኞቿ ይናገሩላቸው፣ የከሰዓቱ ትምህርትም ይመለስላቸው አለቻቸው። ወደ አሠሪው ግን እንዳይሄዱ ነገረቻቸው። «እኔም እኮ አልጠየቅኩዎትም» አለች በመጨረሻ፣ ንዴቷ ጋብ ሲል። «ግማሹ የእኔ ነው። ስለዚህ ራሴው ሄጄ ልስማው።»

ሄደች። አሠሪው የወርክሾፑ በር ላይ አገኛት። የሆነውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረችው። አዘነ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ምነው ምነው አለ። ግን ሦስት ወር መጠበቅ አይችልም። ፉጨት ወረቀቱን ይዞ ቀድሟት መጥቶ ነበር፤ ሰኞ የሚገባው እሱ ነው። ፉጨት ምን ያድርግ? የለፋበትን ነው ያገኘው። እስክፈተን ድረስ ብረት አቀባይ ሆኜ ልግባ አለችው። አሠሪው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ የሟቹን ሚስት ብረት ተሸክማ ሳይ ዓይኔን ባልገልጠው ይሻለኛል፣ አንቺ ቤትሽ እረፊ አላት። በደግነት ነው የተናገረው። ደግነት ያን ቀን ከበባት! ደህና ዋል ብላው ወጣች፤ ከውስጥ የብረት መፍጫ ማሽን ጩኸት እስከ መንገዱ ማዶ ተከተላት።

ቤት ስትደርስ አማቷ ልብስ ያጣጥፋሉ፣ ልጇ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግታ ትጽፋለች።

ወደቅሁ አለቻቸው ገና በሩን ሳትዘጋ። ቦታውም ሄደ፤ ሰኞ ሌላ ሰው ይገባበታል። አሮጊቷ እጃቸው ላይ የያዙት ሸሚዝ ተንጠልጥሎ ቀረ። የልጃቸው ቦታ ነበር፤ እሳቸውም እኮ ተስፋቸው እሱ ላይ ነበር። ግን ወዲያው ራሳቸውን ያዙና፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ፣ ሁሉንም እኔ አያለሁ አሉ። እንደልማዷ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም።

ልጇ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደብተሩን አየችው። ሒሳብ ነው፤ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት በዝቶበታል። ቀና ብላ የልጅቷን ፊት አየች፤ ጉንጯ ጎድጎድ ብሏል፣ ቁመቷ ጨምሯል፣ ይህ ሁሉ መቼ ሆነ?

«ስንተኛ ክፍል ነሽ አሁን?» አለቻት።

አማቷ ፈጠን ብለው፣ ኧረ እሷ ጎበዝ ናት፣ በርትታ እየተማረች ነው ማለት ጀመሩ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሷ ትንገረኝ።»

ልጅቷ አያቷን አየች። ከዚያ እናቷን አየች።

«ስድስተኛ» አለች። «ደግሜ ነው።»

«መቼ ወደቅሽ?»

«አምና። አባዬ የሞተ ጊዜ። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ሲሉኝ አያቴ መጥታ ፈረመች። እናትሽ እንዳትጨነቅ፣ እንዳትነግሪያት አለችኝ።»

አሮጊቷ ሸሚዙን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እሷ ከደረቷ ሥር አንድ ነገር ቆረጣት፤ ሲቆርጣት ተሰማት፣ አመማት። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ክንዷን ዘርግታ በምትነካት ርቀት ላይ፣ ልጇ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ወድቃ ኖራለች። ማንም አልነገራት። እሷም አልጠየቀች።

«የቱ ነው ያስቸገረሽ?» አለቻት። «አሳዪኝ።»

ልጅቷ መዳፏን ደብተሩ ላይ ዘርግታ ሸፈነችው።

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች።

«አዎ» አለች እናቷ። «አሁን ነው።»

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። እሷም ከወንበሩ አልተነሳችም።